ከአራት የሳይኬደሊክ ፖፕ አልበሞች የትኛው ይቅደም?

የ1960ዎቹን የሳይኬደሊክ ፖፕ ሙዚቃ ከየት ልጀምር ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ቢትልስ በ1967 ያወጡትን «ሳርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ኸርትስ ክለብ ባንድ» ስማ ይባላል። ምክሩ መነሻ የሌለው ባይሆንም ለጀማሪ ይበጃል ብዬ አላምንም። ይህ አልበም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲወደስ፣ ሲነቀፍና እንደገና ሲመዘን የኖረ በመሆኑ ወደ አዲስ አድማጭ ጆሮ የሚደርሰው ከዘፈኖቹ በፊት ዝናው ነው፤ አድማጩ የሰማው ነገር ዝናውን ያህል ሳይሆንለት ሲቀር ደግሞ ጉድለቱን ወይ በራሱ ወይ በሙዚቃው ላይ አሳብቦ ነገሩን እዚያው ይተወዋል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አራት አልበሞችን ጎን ለጎን አስቀምጬ አወዳድራለሁ፤ እነርሱም የአሜሪካው ቡድን የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ»፣ ከላይ የጠቀስኩት የቢትልስ አልበም፣ ላቭ የተባለው የሎስ አንጀለስ ቡድን «ፎርኤቨር ቼንጅስ» እና የእንግሊዞቹ የዞምቢስ «ኦዲሲ ኤንድ ኦራክል» ናቸው። የመጀመሪያው የወጣው በሜይ 1966፣ የመጨረሻው በኤፕሪል 1968 በመሆኑ አራቱን የሚያራርቃቸው ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፍርዴን ላለመደበቅ አስቀድሜ ልናገር፤ ጀማሪ ከ«ኦዲሲ ኤንድ ኦራክል» ይነሣ፣ ከዚያ ወደ «ፔት ሳውንድስ» ይሂድ፣ «ሳርጀንት ፔፐር»ን ግን ለመጨረሻ ያቆየው። «ፎርኤቨር ቼንጅስ» ቦታው እንደ አድማጩ ጠባይ የሚለያይ ስለሆነ በተራው እመለስበታለሁ።

ስለ ምን እንደምንነጋገር

«ሳይኬደሊክ» የሚለውን ቃል በ1950ዎቹ የፈጠረው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሃምፍሪ ኦዝመንድ ሲሆን፣ ነፍስንና መግለጥን ከሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት የተጣመረ ነው፤ መጀመሪያ የተሰየመውም እንደ ኤል.ኤስ.ዲ. ላሉ ስሜትንና እይታን ለሚለውጡ ንጥረ ነገሮች ነበር። ቃሉ ወደ ሙዚቃ ከተሻገረ በኋላ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መሸፈን ጀመረ። ሳይኬደሊክ ሮክ የምንለው በሳን ፍራንሲስኮ መድረኮች ላይ የተለመደው፣ ጊታር እየመራው ያለ ልክ የሚረዝም ጨዋታ ነው። ሳይኬደሊክ ፖፕ ግን ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ አዝማቹ የታወቀ፣ ሰው አብሮ ሊያዜመው የሚችል ዘፈን ሆኖ፣ እንግዳ የሚሆነው በለበሰው ልብስ ነው። ያልተጠበቀ መሣሪያ ድንገት ብቅ ይላል፤ የተቀዳ ቴፕ ተቆራርጦ እንደገና ይቀጠላል ወይም ወደ ኋላ ይጫወታል፤ የአንዱ ሰው ድምፅ በራሱ ድምፅ ላይ ይደረባል።

ከዚህም የተነሣ የዚህ ሙዚቃ ቤቱ መድረክ ሳይሆን ስቱዲዮ ነው፤ አራቱ አልበሞችም ይህንን በየራሳቸው ታሪክ ይመሰክራሉ። የቢች ቦይስ መሪ ከቡድኑ ጋር መዞር ካቆመ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ቢትልስ ኦገስት 29 ቀን 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከተጫወቱ በኋላ የቲኬት ኮንሰርት ዳግም አላቀረቡም። ላቭ ከሎስ አንጀለስ መውጣት የማይወድ ቡድን ነበር። ዞምቢስ ደግሞ አልበማቸው ገበያ ላይ ከመዋሉ ከወራት በፊት ተበትነዋል። ስለዚህ እነዚህን ሥራዎች «በመድረክ ላይ እንዴት ያምር ይሆን» በሚል መመዘኛ የሚሰማ ሰው በማይገባቸው ሚዛን ላይ ያስቀምጣቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለእኛ ዓይነቱ አድማጭ መነገር አለበት። የአማርኛ ዘፈን ሰምቶ ያደገ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው ግጥሙን ነው፤ ቃሉን ከያዘ በኋላ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ይደክማል። በእነዚህ አልበሞች ላይ ግን ወርቁ በአብዛኛው ያለው በቅንብሩ ውስጥ ነው። ቃላቱ ቀላልና አንዳንዴም ተራ የሚባሉ ሆነው ሳለ ባሱ፣ ቫዮሊኑ ወይም የተቀባዮቹ ድምፅ ቃሉ ያልተናገረውን ይናገራል። እንግሊዝኛው ሙሉ በሙሉ ባይገባ እንኳ ይህ ክፍል አያመልጥም፤ እንዲያውም ቃሉ ባለመግባቱ ጆሮ ወደ ቅንብሩ ዘንበል የሚልበት ጊዜ አለ።

«ፔት ሳውንድስ»

ብራያን ዊልሰን በ1964 መጨረሻ አውሮፕላን ውስጥ ሳለ ከባድ የጭንቀት ሕመም ከያዘው በኋላ ከቢች ቦይስ ጋር ከከተማ ከተማ መዞሩን ትቶ ሎስ አንጀለስ ውስጥ መቅዳት ላይ ብቻ አተኮረ። የቡድኑ አባላት በጃንዋሪ 1966 ጃፓንና ሃዋይ ላይ ሲዘፍኑ፣ እርሱ ከማስታወቂያ ጸሐፊው ከቶኒ አሸር ጋር ተቀምጦ ስለ ወጣትነት ማለፍና ስለ ፍቅር ጥርጣሬ ዘፈን ያሰናዳ ነበር። ያኔ ዕድሜው 23 ዓመት ነበር።

የተጽዕኖው ምንጭ ሁለት ነው። አንደኛው ፕሮዲውሰሩ ፊል ስፔክተር ነው፤ ስፔክተር ብዙ ጊታሮችን፣ ፒያኖዎችንና ከበሮዎችን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አጉሮ በአንድ ጊዜ በማስመታት አንዱ ከሌላው የማይለይበት ወፍራም ድምፅ ይፈጥር ነበር። ዊልሰን ይህንን ዘዴ ከመውሰዱም በላይ ስፔክተር ይጠቀምባቸው ከነበሩት የሆሊውድ ቅጥር ሙዚቀኞች ጋር ሠራ፤ ከበሮ የመታው ሃል ብሌንና ባስ የተጫወተችው ካሮል ኬይ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ሁለተኛው ምንጭ ቢትልስ በዲሴምበር 1965 ያወጡት «ራበር ሶል» ነው። ከዚያ የወሰደው ዜማ ወይም ድምፅ አልነበረም፤ አንድ አልበም ሁለት ታዋቂ ዘፈኖችንና አሥር ማሟያዎችን የያዘ መሆን እንደሌለበት፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ስሜት ሊያዝ እንደሚችል ነው የተማረው።

ውጤቱ 36 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ ከፍቅር ጉጉት ተነሥቶ በፍቅር መጥፋት የሚያበቃ ሥራ ነው። የብስክሌት ደወል፣ ሃርፕሲኮርድ፣ ኤሌክትሮ ቴረሚን የተባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ልቅሶ የሚመስል ድምፅ አለበት፤ በመጨረሻው ባቡር ያልፍና የዊልሰን ውሾች ይጮኻሉ። ይሁን እንጂ ለጌጥ ብቻ የገባ የለም። ዊልሰን በአንድ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም ነበርና፣ ሁሉንም ነገር በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ሳይከፈል እንደ አንድ ድምፅ አድርጎ አዋሐደው።

አሜሪካ ውስጥ አልበሙ ከ10ኛ ደረጃ አላለፈም። የቢች ቦይስ አድማጭ የለመደው ስለ ባሕር፣ ስለ መኪናና ስለ ቆንጆ የሚዘፈን የበጋ ዘፈን ነበር፤ ኩባንያው ካፒቶልም የተጠራጠረ ይመስል ሁለት ወር ገደማ እንዳለፈ የቡድኑን የቀድሞ ምርጥ ዘፈኖች ሰብስቦ ሌላ አልበም አወጣ። እንግሊዝ ውስጥ ግን 2ኛ ደረጃ ደረሰ። ለዚህ ልዩነት የጆሮ ልዩነት ብቻ ምክንያት አይመስለኝም። የቡድኑ አባል ብሩስ ጆንስተን በሜይ 1966 ቅጂውን ይዞ ለንደን ሄዶ ለጆን ሌነንና ለፖል ማካርትኒ አሰምቷል፤ ቀድሞ የቢትልስ የፕሬስ ሰው የነበረው ዴሪክ ቴይለርም ዊልሰን ሊቅ ነው የሚለውን ወሬ በትጋት አሰራጭቷል። የሂስ አቀባበል የሚባለው ነገር እንዲህ ባለ ትጋትም ጭምር እንደሚሠራ ማወቅ ኋላ የምናያቸውን ዝርዝሮች ለመመዘን ይጠቅማል።

ይህን አልበም ማን ይምረጥ? የሰው ድምፅ በድምፅ ላይ ሲነጠፍ የሚማርከው ሰው፣ እንዲሁም ትካዜን የማይፈራ ሰው። እንግዳ ነገር ፍለጋ የሚመጣ ግን ሊያዝን ይችላል፤ ከአራቱ ሁሉ ሳይኬደሊክነቱ ቀጭን የሆነው ይህ ነው። ከባሃማስ የተወሰደው የመርከበኞች የሕዝብ ዘፈንም ከቀሩት ጋር አይገጥምልኝም፤ ብዙዎች ቢወዱትም እኔ እዚያ ስደርስ እዘለዋለሁ።

«ሳርጀንት ፔፐር»

የአልበሙ ሐሳብ የተፀነሰው ከእኛ ብዙም በማይርቅ ሰማይ ላይ ነው። ማካርትኒ በኖቬምበር 1966 ከኬንያ ወደ ለንደን ሲመለስ፣ ቢትልስ መሆናቸውን ለጊዜው ትተው በሌላ የሐሰት ቡድን ስም ቢቀዱ ከሚጠበቅባቸው ነገር ነፃ እንደሚወጡ በአውሮፕላን ውስጥ አሰበ። ሐሳቡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖችና ወደ መጨረሻው በሚመለሰው መዝሙር ላይ ብቻ ይታያል፤ በመካከል ያሉት ዘፈኖች ከእርሱ ጋር የሚያያይዛቸው ነገር የለም። ይሁን እንጂ ሽፋኑና አቀራረቡ አንድ ሙሉ ትዕይንት እንደሆነ አድርጎ አስረድቶታል፤ ፒተር ብሌክና ጃን ሃዎርዝ የሠሩት ሽፋን፣ በጀርባው የታተመው ሙሉ ግጥምም የዚህ አካል ናቸው።

የተጽዕኖው ስፋት ከቀሩት ሦስቱ ይበልጣል። ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን «ፔት ሳውንድስ» ባይኖር ኖሮ ይህ አልበም እንደማይኖር ደጋግሞ ተናግሯል፤ በማካርትኒ የባስ አጨዋወት ላይ የዊልሰን ትምህርት በግልጽ ይሰማል። ጆርጅ ሃሪሰን በ1966 ሕንድ ሄዶ ከራቪ ሻንካር ሲታር ተምሮ ተመልሷል፤ የእርሱ ዘፈን ላይ የሚጫወቱት ለንደን የነበሩ የሕንድ ሙዚቀኞች ናቸው፣ ከቢትልስ ከእርሱ በቀር ማንም የለበትም። ማካርትኒ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የጀመረው ዘፈን የእንግሊዝን የድሮ የመዝናኛ አዳራሽ ይመስላል። ሌነን ደግሞ በ1843 የታተመ የሰርከስ ማስታወቂያ ገዝቶ ቃላቱን ከሞላ ጎደል ወደ ዘፈን ለወጠው፤ ለዚያ ዘፈን የድሮ የእንፋሎት ኦርጋን ቅጂዎች ተቆራርጠው ያለ ቅደም ተከተል ተቀጣጠሉ። በመጨረሻው ዘፈን ላይ 40 የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ከመሣሪያቸው ዝቅተኛ ድምፅ ተነሥተው እስከ ከፍተኛው ድረስ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍጥነት እንዲወጡ ታዘዙ። ይህ ሁሉ የተሠራው በአራት ትራክ መቅጃ ነው፤ አራቱ ሲሞሉ ተጨምቀው ወደ ሌላ መሣሪያ ይዛወራሉ፣ በተገኘው ክፍት ቦታ ላይ እንደገና ይቀዳል።

አቀባበሉ የንጉሥ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለ15 ሳምንታት አንደኛ ሆነ፤ በ1968 የዓመቱን ምርጥ አልበም ጨምሮ አራት የግራሚ ሽልማቶችን ሲያገኝ፣ ያንን ትልቁን ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው የሮክ አልበም ሆነ። ሃያሲው ኬኔት ታይናን በምዕራቡ ዓለም ሥልጣኔ ታሪክ ውስጥ ወሳኝ ቅጽበት እስከ ማለት ደርሷል። ከዚህ ሁሉ ጭብጨባ መካከል ለየት ብሎ የሚሰማው የሪቻርድ ጎልድስቲን ሂስ ነው። ወጣቱ ሃያሲ በጁን 1967 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ፣ አልበሙ ከመጠን በላይ እንደተንከባከቡት ልጅ የተበላሸ እንደሆነ፣ የድምፅ ብልሃቱ ቢያስደምምም ከሥሩ ያሉት ዘፈኖች ደካሞች እንደሆኑ ጻፈ፤ የመጨረሻውን ዘፈን ግን አድንቋል። በጋዜጣው ላይ የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ።

ያን ሂስ ዛሬ ላይ ሳስበው ጎልድስቲን ስለ ብልሃቱ ተሳስቷል፣ ስለ ዘፈኖቹ ግን ግማሽ እውነት ይዟል እላለሁ። ለአልበሙ መጀመሪያ ላይ የተቀዱት ሁለት ድንቅ ዘፈኖች በፌብሩዋሪ 1967 በነጠላ ሸክላ ወጥተው ከአልበሙ ቀርተዋል፤ ማርቲን ራሱ ኋላ ላይ በሥራ ዘመኑ ከፈጸማቸው ስሕተቶች ትልቁ ይህ እንደሆነ ተናግሯል። እነርሱ በቦታቸው ቢኖሩ ኖሮ የጎልድስቲን ነቀፋ መቆሚያ አይኖረውም ነበር። አሁን ባለበት ሁኔታ አልበሙ ሲጀምርና ሲጨርስ ታላቅ ነው፤ በመካከሉ ግን ትንፋሽ የሚያጥረው ቦታ አለ። የቀሩትን ሦስቱን ቀድሞ የሰማ ሰው ይህ አልበም በዘመኑ ጆሮ ላይ ምን እንዳደረሰ ሊገምት ይችላልና፣ በመጨረሻ ይምጣ ማለቴ ንቀት አይደለም።

«ኦዲሲ ኤንድ ኦራክል»

ቢትልስ ሥራቸውን ጨርሰው ከወጡ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጁን 1967፣ አምስት ወጣቶች አቢ ሮድ ወዳለው ወደዚያው ስቱዲዮ ገቡ። ከሴንት ኦልባንስ ከተማ የመጡት ዞምቢስ ከዚህ በፊት ታዋቂ ዘፈን ነበራቸው፤ አሁን ግን የሸክላ ኩባንያቸው ሲቢኤስ የሰጣቸው በጀት 1,000 ፓውንድ ብቻ ነበር። በዚህ ገንዘብ በስቱዲዮ ውስጥ እየፈለጉ መፍጠር አይቻልምና ዘፈኖቹን ውጭ በሚገባ ተለማምደው፣ ገብተው ቶሎ ቀድተው ወጡ። ከቢትልስ ጋር የሠራው የድምፅ መሐንዲስ ጄፍ ኤመሪክ እዚህም አለ። የኦርጋን ተጫዋቹ ሮድ አርጀንት እንደሚተርከው፣ በመላው አልበም የሚሰማው ሜሎትሮን፣ ማለትም ቁልፉ ሲነካ ቀድሞ በቴፕ የተቀዳ ቫዮሊን ወይም ዋሽንት የሚያሰማው መሣሪያ፣ ሌነን ስቱዲዮው ውስጥ ትቶት የሄደው ነበር። ኦርኬስትራ ለመቅጠር አቅም ያልነበረው ቡድን በሰው ዕቃ ኦርኬስትራ አገኘ ማለት ነው።

የተጽዕኖ ሰንሰለቱ እዚህ ላይ ይዘጋል። የቢች ቦይስን የድምፅ ንጣፍ ወስደዋል፤ ግን የአርጀንት ጆሮ በልጅነቱ በሴንት ኦልባንስ ካቴድራል መዘምራን መካከል የተሠራ በመሆኑ ንጣፉ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይታይበታል፤ ጃዝም የክላሲካል አቀናባሪው ባክም አሉበት። የኮሊን ብለንስተን ድምፅ የማይጮኽ፣ ትንፋሽ የሚቀላቀልበት፣ አጠገብህ ተቀምጦ የሚያወራ የሚመስል ነው። ዘፈኖቹ የጻፉት ሰዎች፣ አርጀንትና ባሲስቱ ክሪስ ዋይት፣ ታሪክ መናገር ይወዳሉ። የመጀመሪያው ዘፈን በደስታ የሚፈነጥዝ ዜማ ያለው የፍቅር ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው የተላከው ከእስር ቤት ልትወጣ ለተቃረበች ሴት መሆኑ የሚገባን ግን ቀስ ብሎ ነው። ሌላው ደግሞ በ1914 የጦር ግንባር ላይ ስላለ ሥጋ ሻጭ ወታደር ሲሆን፣ ዋይት ራሱ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከትንሽ ኦርጋን ጋር ያዜመዋል። በ12 ዘፈን ውስጥ ማሟያ የምለው አንድም የለኝም።

ሽፋኑን የሣለው ጓደኛቸው ቴሪ ኩርክ የርዕሱን የመጀመሪያ ቃል ፊደል አሳስቶ ጻፈው፤ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ስለነበር አርጀንት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚል ምክንያት ፈጠረለት። አልበሙ በኤፕሪል 1968 ሲወጣ ቡድኑ ስላልነበረ ያስተዋወቀው ሰው አልነበረም፤ በአገሩም ሳይሰማ አለፈ። አሜሪካ ውስጥ እንዲታተም የተሟገተው ለንደን ሄዶ ቅጂውን ያገኘው ሙዚቀኛና የኮሎምቢያ ኩባንያ ባልደረባ አል ኩፐር ነው። ከዚያ የመጨረሻው ዘፈን በነጠላ ሸክላ ወጥቶ ቀስ እያለ በ1969 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ሰንጠረዥ 3ኛ ደረጃ ደረሰ። የሚጫወት ቡድን ባለመኖሩም በዞምቢስ ስም አሜሪካ ውስጥ የሚዞሩ አስመሳዮች ተነሡ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ኋላ የአሜሪካው የሮክ ቡድን የዚዚ ቶፕ አባላት ሆነዋል። አልበሙ ራሱ ግን ከ95ኛ ደረጃ አልወጣም።

ለጀማሪ የምመርጠው ለምንድን ነው? መጀመሪያ፣ የ«ፔት ሳውንድስ»ን ድምፅና የ«ሳርጀንት ፔፐር»ን ስቱዲዮ በአንድ ላይ ስለያዘ የሁለቱን መንገድ ያስለምዳል። ሁለተኛ፣ በጥድፊያና በትንሽ ገንዘብ በመሠራቱ ቅንብሩ አልተጨናነቀም፤ እያንዳንዱን መሣሪያ ለይቶ መከተል ለአዲስ ጆሮ ቀላል ነው። ሦስተኛ፣ ዝናው ከበር ቆሞ አያስፈራም።

«ፎርኤቨር ቼንጅስ»

የአልበሙ ስም ከቡድኑ ስም ጋር ተያይዞ ሲነበብ «ፍቅር ለዘላለም ይለዋወጣል» የሚል ስለሚሆን፣ ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ገና ከሽፋኑ የሚነግረው ነገር አለው። መሪው አርተር ሊ በ1967 ዕድሜው 22 ገደማ ነበር፤ እርሱና ጊታሪስቱ ጆኒ ኤኮልስ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ሌሎቹ ነጮች ነበሩ፤ ይህ በዚያ ዘመን ሮክ ውስጥ ብርቅ ነው። ሊ ቶሎ እንደሚሞት እርግጠኛ ሆኖ ነበርና እነዚህን 11 ዘፈኖች እንደ ኑዛዜ አድርጎ እንዳዘጋጃቸው ተናግሯል። ሌላው ካሊፎርኒያ ስለ አበባና ስለ ፍቅር ሲዘምር፣ እርሱ ከኮረብታ ላይ ሆኖ የሚያየውን ጦርነት፣ እስርና ሞት በለስላሳ ድምፅ ያወራል።

ቀረጻው ሲጀመር ቡድኑ ተዳክሞ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች በቅጥር ሙዚቀኞች ተሠሩ፤ ከእነርሱም መካከል የ«ፔት ሳውንድስ» ሰዎች ሃል ብሌንና ካሮል ኬይ ነበሩ። አባላቱ በዚህ ደንግጠው ቀሪውን ራሳቸው ተጫወቱ። ድምፁ ግን ከቢች ቦይስም ከቢትልስም አይቀዳም። የኤሌክትሪክ ጊታር ብዙም አይሰማም፤ በቦታው የክራር ያህል የቀረበ የአኮስቲክ ጊታር፣ የሜክሲኮን ማሪያቺ የሚያስታውስ ትራምፔትና አቀናባሪው ዴቪድ ኤንጀል ሊ እያንጎራጎረለት የጻፋቸው ቫዮሊኖች አሉ። የመክፈቻውን ዘፈን የጻፈው ብራያን ማክሊን እናቱ ፍላሜንኮ ጨፋሪ ስለነበረች የስፔን ቃና አምጥቷል፤ በመጨረሻው ውሕደት ላይ ግን የሊ ተቀባይ ድምፅ ከማክሊን ከራሱ ድምፅ በልጦ ይሰማል።

በአሜሪካ ሰንጠረዥ 154ኛ ሆኖ ቀረ፤ በእንግሊዝ በ1968 24ኛ ደረጃ ደረሰ። ኤሌክትራ ኩባንያ በዚያ ጊዜ እጁ የሞላው ዶርስ በተባለው ሌላ የሎስ አንጀለስ ቡድን ነበር፤ ዶርስን እንዲያይ ኩባንያውን የገፋፋው ራሱ ሊ መሆኑ የነገሩ ምፀት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የድምፅ መዝገቡ ውስጥ ሲያስገባው ሊ ካረፈ ከአምስት ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ቦታው እንደ አድማጩ ይለያያል ያልኩት ይህን ነው። ግጥም የሚያስቀድም፣ ያልተፈታ ነገር የማያስጨንቀው አድማጭ ከዚህ ቢጀምርም አይጎዳም። ቶሎ የሚያዝ አዝማች የሚፈልግ ግን ሦስተኛ ያድርገው፤ ሁለት ጊዜ ሰምቶ ምንም ካልያዘው አይደነቅ፣ እኔንም የያዘኝ በአምስተኛው ገደማ ነው።

ሃያስያንን ምን ያህል እንመን?

ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የዘመናት ምርጥ 500 አልበሞች ብሎ በ2003 ባወጣው ዝርዝር «ሳርጀንት ፔፐር» 1ኛ፣ «ፔት ሳውንድስ» 2ኛ፣ «ፎርኤቨር ቼንጅስ» 40ኛ፣ «ኦዲሲ ኤንድ ኦራክል» 80ኛ ነበሩ። ድምፅ ሰጪዎቹን ለውጦ በ2020 እንደገና ሲያወጣው «ፔት ሳውንድስ» ብቻ በቦታው ጸንቶ «ሳርጀንት ፔፐር» 24ኛ፣ «ፎርኤቨር ቼንጅስ» 180ኛ፣ «ኦዲሲ ኤንድ ኦራክል» 243ኛ ሆኑ። ሙዚቃው በ17 ዓመት ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጡት መራጮቹ ናቸው። ከዚህ ለመራጭ የሚጠቅመው ቁጥሩ ሳይሆን የመውረዱ ልክ ነው። «ሳርጀንት ፔፐር» ሲወደስ የኖረው በአብዛኛው አዲስ በመሆኑ ነበርና አዲስነቱ በሌሎች ሲለመድ ውዳሴውም ቀዘቀዘ። የ«ፔት ሳውንድስ» ውዳሴ ከመጀመሪያውም በዜማውና በድምፁ ላይ የቆመ ስለነበር የሚያረጅ መሠረት አልነበረውም። ሁለቱ የኋለኞቹ ደግሞ ሲወጡ ሰሚ ያጡ፣ ኋላ በሙዚቀኞችና በሸክላ ሰብሳቢዎች አፍ ለአፍ የተነሡ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ዝና በሰፊ ድምፅ ሲቆጠር ዝቅ ይላል፣ ከሚወዷቸው ሰዎች ዘንድ ግን አይቀንስም።

የትኛው ቅጂ?

አልበሙን ከመረጡ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሞኖ ወይስ ስቴሪዮ የሚለው ሲሆን፣ ለእነዚህ ሥራዎች መልሱ እንደየአልበሙ ይለያያል። «ፔት ሳውንድስ» መጀመሪያ በሞኖ ይሰማ፤ ዊልሰን የሠራው እርሱን ነው። በ1997 የወጣው ስቴሪዮ በጥንቃቄ የተሠራ ስለሆነ መሣሪያዎቹን ለይቶ ለማጥናት ይረዳል፤ ከእርሱ ጋር የወጣው ስብስብ ያለ መሣሪያ ድምፅ ብቻ የሚሰማባቸውን ቅጂዎችም ስለያዘ ለመዘምራንና ለድምፃውያን ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

«ሳርጀንት ፔፐር»ን በተመለከተ ቢትልስ የተገኙት በሞኖው ውሕደት ላይ ነበር፤ ስቴሪዮው እነርሱ በሌሉበት በጥቂት ቀናት ተሠርቶ አልቋል። ልዩነቱ የሚሰማ ነው፤ ለምሳሌ ከቤት ስለጠፋችው ልጅ የሚያወራው ዘፈን በሞኖው ፈጠን ብሎ፣ ድምፁም ከፍ ብሎ ይመጣል። በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማ ሰው የ1967ቱ ስቴሪዮ ድምፁን ወደ ዳርና ዳር ስለሚገፋው ይረብሻል፤ ለእርሱ የጆርጅ ማርቲን ልጅ ጃይልስ በ2017 ሞኖውን አርአያ አድርጎ ያዋሐደው ስቴሪዮ ይሻለዋል። ለ«ፎርኤቨር ቼንጅስ» ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ የተለመደው ስቴሪዮ በቂ ነው።

«ኦዲሲ ኤንድ ኦራክል» ግን የራሱ ታሪክ አለው። ሞኖው ካለቀ በኋላ ኩባንያው ስቴሪዮ ሲጠይቅ በጀቱ ተሟጥጦ ስለነበር አርጀንትና ዋይት 200 ፓውንድ ከኪሳቸው ከፍለው አሠሩት። ስለ መጪው መልካም ዓመት በሚዘፈነው ዘፈን ላይ ያሉት ትራምፔቶች ደግሞ በቀጥታ በሞኖው ውሕደት ላይ የተጨመሩ ስለነበሩ፣ ያንን ዘፈን በእውነተኛ ስቴሪዮ መሥራት አልተቻለም። ቀሪዎቹን 11 ዘፈኖች በስቴሪዮ፣ እርሱን ብቻ በሞኖ ቢሰሙት ከሁለቱም የሚገኘውን ሁሉ አገኙ ማለት ነው።